ከክትባት በኋላ ጭን ላይ የሚወጣ እባጭ፦ ጥፋቱ ከመርፌው ነው ወይስ ከፍሪጁ?

ጥያቄ፦ «መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ራቅ ብሎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ ነኝ። ከኅዳር ወዲህ ፔንታ ከወሰዱ ሕፃናት ሦስቱ የተወጉበት ግራ ጭናቸው ላይ ጠጣር እባጭ ይዘው ተመልሰዋል። ከአንዱ መግል ወጥቷል። እናቱ ‹ነርቭ ነክታችሁት ነው› ትላለች። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ‹ከመውጋትሽ በፊት ወደኋላ ስበሽ ደም መኖሩን ስለማታዪ ነው› ይለኛል። ሌላዋ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ድሮ በመቀመጫ ስንወጋ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም› ትላለች። እኔ አልኮሉን በደንብ ስላላሸሁት ይመስለኛል። አንዳንድ እናቶች መቅረት ጀምረዋል። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?»

ምላሽ፦

መልሱን የያዘው ሦስቱ ልጆች በአንድ ሰሞን መምጣታቸው ነው። አንድ ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያጋጥማል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ፔንታ፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው፣ የሚያም ክትባት ነው። ብዙ ሕፃናት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ያተኩሳቸዋል፤ የተወጉበት ቦታም ይቀላል፣ ያብጣል፤ ከዚያ በራሱ ይጠፋል። አንዳንዱ ልጅ ላይ የማያም ትንሽ ጠጣር ነገር ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ክፍል፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት ክትባት ሦስት ልጅ እባጭ ይዞ ከመጣ የሚመረመረው አሠራሩ ነው። አሠራር ስል ያንቺን እጅ ብቻ ማለቴ አይደለም። ክትባቱ ከወረዳ ወጥቶ የልጁ ጭን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ማለቴ ነው።

አስቀድሜ አራቱን ግምቶች ላጥራ።

ነርቭ አይደለም። በጭኑ ፊት ለፊት፣ ወደ ውጪ ባለው ጎን፣ መሀል ላይ ስትወጊ መርፌው የሚያገኘው ትልቅ ነርቭ የለም። ነርቭ የተነካ ልጅ እግሩ ይዝላል ወይም ያን እግሩን እንደሌላው አያንቀሳቅስም፤ እባጭ አያወጣም። ልጁን አልጋ ላይ አስተኝተሽ ሁለቱን እግሮቹን እኩል ሲያወራጭ እናቱ በዓይኗ ትይ። ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ያ ያሳምናታል።

የመቀመጫው ሐሳብ ደግሞ ከአራቱ ሁሉ የሚያስፈራኝ ነው። ትልቁ ነርቭ ያለው እዚያ ነው። ሕፃን መቀመጫው ገና ትንሽ ነው፤ ጡንቻው ስስ ነው፤ መርፌ ሳያቲክ ነርቭን ካገኘው ልጁ ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ይችላል። በዚያ ላይ መቀመጫ ላይ ስብ ይበዛል። ክትባት ስብ ውስጥ ከቀረ የሚሰጠው መከላከያ ይቀንሳል። ይህ በሄፓታይተስ ቢና በእብድ ውሻ በሽታ ክትባቶች ላይ በግልጽ ታይቷል፤ ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ፔንታ ውስጥ ካሉት አምስቱ አንዱ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ክትባት በመቀመጫ አይስጥ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወደኋላ ስቦ ደም ማየትም ለክትባት አያስፈልግም። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ስለሆነ መተዉ ይከብዳል። ነገር ግን በጭን ውጪኛ ጎንም ሆነ በክንድ ላይ ክትባት በሚሰጥበት ቦታ ትልቅ የደም ሥር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር ወደኋላ መሳብ እንዲቀር በግልጽ አስቀምጧል። መርፌው ገላ ውስጥ በቆየና በተነቃነቀ ቁጥር ልጁን ይበልጥ ያመዋል። ለክትባት የምንጠቀምበት የኤዲ ሲሪንጅ አሠራርም ለዚህ የተመቸ አይደለም። አንዴ እንዲያገለግልና እንዲቆለፍ ነው የተሠራው።

አልኮሉም ጥፋተኛ አይደለም። የልጁ ጭን ቆሻሻ ካለው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ንጹሕ ከሆነ ለክትባት አልኮል ግዴታ አይደለም። የምትጠቀሚ ከሆነ ደርቆ እስኪያልቅ ጠብቂ። አልኮል ውስጥ ተነክሮ ጣሳ ውስጥ የሚቀመጥ ጥጥ ግን ዛሬውኑ ይወገድ። ያ ጥጥ እጅ በገባበት ቁጥር ጀርም እየሰበሰበ ይሄዳል፤ እናጸዳለን ብለን እንበክላለን።

አሁን ወደምጠረጥረው ነገር ልምጣ። «ከኅዳር ወዲህ» ያልሽው ቃል ነው ያቆመኝ። አገራችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል። እኛ ባለሙያዎች ስለ ክትባት ስንማር ሁልጊዜ የምንፈራው ሙቀትን ነው። እንደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ባለ ቆላ ላይ ያ ፍርሃት ትክክል ነው። መንዝ ላይ ግን ዋናው ጠላት ብርዱ ነው። ፔንታ፣ የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ፣ በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት አይፒቪ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያው ቲዲ፣ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያው ኤችፒቪ፣ እነዚህ ሁሉ በረዶ ከነካቸው ይበላሻሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክፍል ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ መርጋት ይጀምራል። አንድ ጊዜ ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም ወደ ቀድሞው አይመለስም። በፔንታ ውስጥ ያለው የአልሙኒየም ውህድ ይጓጉላል። እንዲህ ያለ ክትባት ልጁን ከበሽታ አይጠብቀውም፤ የተወጋበትን ቦታ ደግሞ ይበልጥ ያስቆጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቪቪኤም በሚባለው የብልቃጡ የሙቀት ምልክት ላይ ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው አራት ማዕዘን ከክቡ ይልቅ ነጣ ካለ ክትባቱ ደህና ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቪቪኤም የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ነው። በረዶ ሆኖ ያደረ ብልቃጥ ቪቪኤሙ ንጹሕ ሆኖ ሊታይሽ ይችላል። ስለዚህ «ቪቪኤሙ ጥሩ ነው» ማለት መንዝ ላይ ግማሽ መልስ ነው።

ክትባቱ የት ሊረጋ ይችላል? ሦስት ቦታ እይ። የመጀመሪያው ፍሪጁ ነው። ብልቃጦቹ ከሚያቀዘቅዘው ግድግዳ ወይም ወለል ጋር ተጠግተው ከሆነ እዚያ ጋ ያለው ቅዝቃዜ ከ2 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። የሙቀት መዝገቡን አውጪና የሌሊቶቹን ንባብ እዪ። ቅዳሜና እሑድ፣ የበዓል ቀንም ጭምር ተሞልቷል? ሁሉም ሣጥን ላይ «4፣ 4፣ 4» ተብሎ ከተጻፈ ማንም አላየውም ማለት ነው። ፍሪዝ ታግ (ቅዝቃዜ ከልክ ማለፉን የሚያሳይ መሣሪያ) ወይም ሙቀቱን ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ካላችሁ የእሱን ታሪክ እዪ፤ ከሰው እጅ ይልቅ እሱ ይታመናል።

ሁለተኛው ቫክሲን ካሪየሩ፣ ክትባት ይዘን የምንወጣበት ሣጥን ነው። ከፍሪዘር ወጥቶ ወዲያው የተጨመረ አይስ ፓክ ክትባቱን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያረጋው ይችላል። አይስ ፓኩ ወጥቶ መቆየት አለበት። ነቅነቅ ስታደርጊው ውስጡ ውሃው ሲንቦጫረቅ ከሰማሽ ደርሷል። ደብረ ብርሃን ላይ እንኳ ጠዋት ይህን መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል፤ እናንተ ጋ ደግሞ ይብሳል። ሰዓት ስለረፈደ፣ መንገዱ ስለሚርቅ፣ በቅሎው ስለተጫነ ተብሎ የሚዘለለው እርምጃ ይሄ ነው። በዚህ ወቅት እንዲያውም የረጋ አይስ ፓክ ትታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ቀዝቃዛ የውሃ ፓክ መያዝ እንደሚሻል ከወረዳው የኮልድ ቼን (የክትባት ቅዝቃዜ) ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። በአፍ የሚሰጠው ፖሊዮ ይሞቃል የሚል ስጋት ካለ ለእሱ ቪቪኤሙ አለ።

ሦስተኛው የጤና ኬላው ሌሊት ነው። ከአውትሪች፣ መንደር ወጥታችሁ ከሰጣችሁት፣ የተረፈ ክትባት ሳይመለስ ቀርቶ ካሪየሩ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ካደረ፣ ውርጩ ሥራውን ይሠራል።

ጥርጣሬውን የምታረጋግጪበት መንገድ የመነቅነቅ ፈተና ነው። ከምትጠረጥሪው ጋር አንድ ዓይነት፣ የአንድ ፋብሪካ፣ አንድ የባች (የምርት) ቁጥር ያለው ብልቃጥ ውሰጂ። «ለፈተና፣ አትጠቀሙ» ብለሽ ጻፊበትና ሆን ብለሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ድንጋይ ሆኖ ሲረጋ አውጥተሽ በራሱ ጊዜ ይቅለጥ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቺው። ከዚያ እሱንና የጠረጠርሽውን ብልቃጥ በአንድ እጅ ይዘሽ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አብረሽ ነቅንቂ። ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቁሚያቸውና እስከ ግማሽ ሰዓት እዪ። ሆን ተብሎ የረጋው ውስጥ እንደ ደመና የተቆራረጠ ነገር ይታያል፤ ቶሎ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። የጠረጠርሽው ከእሱ ዘግይቶ የሚወርድ ከሆነ አልረጋም። እኩል ወይም ፈጥኖ ከወረደ ረግቶ ነበር፤ ለልጅ አይሰጥም። ጠጥሮ ያገኘሽው ብልቃጥ ፈተናም አያስፈልገው። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ይህ ፈተና አልሙኒየም ላለባቸው ክትባቶች ነው፤ ለአይፒቪ አይሠራም።

ፍሪጁ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ጥልቀት ነው። እዚህ ላይ ከልብሱ እጀምራለሁ፤ በብርድ አገር ልብሱ ብዙ ነገር ያበላሻል። እናት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ ሱሪና ሹራብ ደራርባ ታመጣዋለች። እንዳይበርደው ብላ አታወልቅም፤ ከጉልበቱ በላይ ትንሽ ገለጥ ታደርግልሻለች። አንቺም ባገኘሽው ቦታ፣ ጉልበቱ አጠገብ ወይም ወደ ውስጥ ጎን፣ ሰያፍ አድርገሽ ትወጊያለሽ። ሲሪንጁ ሰያፍ ሲሆን ደግሞ ፔንታው ጡንቻ ውስጥ ሳይገባ ከቆዳ ሥር ይቀራል። አልሙኒየሙ እዚያ ሲቀር ቦታውን ያቆጣል፤ ጠጣር እባጭ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጀርም የሌለበት መግል ይቋጥራል። እናት እባጭ አይታ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ታሸዋለች፤ ይብሳል።

ስለዚህ አንዱ እግር ሙሉ በሙሉ ይውለቅ፤ የቀረው ገላው ጋቢው ውስጥ ይሁን። ከዳሌው አጥንትና ከጉልበቱ መሀል ያለውን ቦታ በዓይንሽ በሦስት ክፈይው፤ የምትወጊው መካከለኛው ላይ፣ ወደ ውጪ ባለው ጎን ነው። ቆዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወጠር አድርጊ። ለጡንቻ የተሠራው 25 ሚሊ ሜትር መርፌ ቀጥ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ ይገባል። «ሕፃኑ ትንሽ ነው፣ አጥንቱን እነካለሁ» ብሎ መርፌውን ግማሽ አድርሶ ማቆም ለልጁ ማዘን ይመስላል፤ እባጩን የሚያመጣው ግን ያ ነው። 0.5 ሚሊ ሊትሩን ሳትቸኩዪ ሳትዘገዪ ግፊ፤ መርፌውን በገባበት አቅጣጫ አውጪ፤ ጥጥ ጫን አድርጊበት እንጂ አታሺው።

በዚያው ቀን ፒሲቪም ስላለ ፔንታ ለብቻው ግራ ጭን ላይ፣ ፒሲቪ ቀኝ ጭን ላይ ይሰጣል። በ14 ሳምንት አይፒቪ ሲጨመር እሱም ቀኝ ጭን ላይ፣ ከፒሲቪው ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይሆናል። ፔንታ ለብቻው የሚሆነው ይበልጥ የሚያሳብጠው እሱ ስለሆነ ነው። በአፍ የሚሰጡት ይቅደሙ። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ይዛው፣ ከቻለች እያጠባች ብትሆን ሕመሙ ይቀንሳል፤ የሚወራጭ ጭን ላይ ደግሞ ጥልቀት መጠበቅ አይቻልም።

መነቅነቅም አለ። ፔንታ ሲቀመጥ ከታች ይዘቅጣል። ባለ 10 ዶዝ ብልቃጥ ጠዋት አንዴ ብቻ ከተነቀነቀ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ቀጭኑን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራሙን ይወስዳሉ። በእያንዳንዱ ልጅ ፊት፣ ከመቅዳትሽ በፊት ነቅንቂ። ሲሪንጅ ቀድሞ ሞልቶ ማሰለፍ በፍጹም አይደረግም፤ ምንም ያህል ሰልፍ ቢኖር።

መግል የወጣው ልጅ ግን ለብቻው ይታይ። ትኩሳት ካለው፣ ቦታው የሚያቃጥልና የሚያም ከሆነ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የመጣ ከሆነ ጀርም ገብቶ ይሆናል። ያኔ ብልቃጡ ነው የሚጠረጠረው። መርፌ ክዳኑ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር? ክዳኑ የቀለጠ በረዶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር? የተከፈተ ፔንታ በ2 እና 8 ዲግሪ መካከል ከተቀመጠ፣ ቪቪኤሙና የአገልግሎት ጊዜው ደህና ከሆነና ክዳኑ ውሃ ካልነካው እስከ 28 ቀን ያገለግላል። አንዱ ከጎደለ ይጣላል። የተከፈተበት ቀን ያልተጻፈበት ብልቃጥም እንደዚያው። ይህ ልጅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እባጩን ክፍልሽ ውስጥ በምላጭ እንዳትከፍቺው።

አሁን ምን ታድርጊ? ከመዝገቡ የሦስቱን ልጆች ቀን፣ የክትባቱን የባች ቁጥርና የወጋቸውን ሰው አውጪ። አንድ ባች ከሆኑ ያንን ባች ለይተሽ፣ ምልክት አድርገሽ፣ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። አትጣዪው፤ ለምርመራ ይፈለጋል። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከክትባት በኋላ የሚከሰት ጉዳት ሪፖርት ቅጹን ሞልተሽ ዛሬ ላኪ። ሪፖርቱ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነው። ይከሱኛል ብለሽ አትፍሪ። ሦስት ልጅ አይቶ ዝም ያለ ሰው ነው አራተኛውን የሚያመጣው። ክትባቱ ረግቶ እንደነበር ከታወቀ በዚያ ባች የተከተቡት ልጆች እንደገና መከተብ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ያንን ከወረዳው ጋር ሆናችሁ ወስኑ እንጂ ብቻሽን አትወስኚ።

ፍሪጁን ካነሳን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ከእባጭ እጅግ የከፋ ነውና። የኩፍኝና የቢሲጂ ዱቄት የሚበጠበጠው ከራሱ ፋብሪካ አብሮት በመጣው ዳይሉየንት (መበጥበጫ ፈሳሽ) ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ብልቃጥ አዲስ መበጥበጫ ሲሪንጅ፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ወይም ሥራው ሲያልቅ፣ ቀድሞ በመጣው፣ ይጣላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደቡብ ሱዳን ካፖኤታ ውስጥ በተበከለ የኩፍኝ ክትባት 15 ሕፃናት ሞተዋል። አንድ መበጥበጫ ሲሪንጅ ለአራት ቀን አገልግሎ ነበር፤ ክትባቱም ማቀዝቀዣ ውስጥ አልነበረም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሶርያ ኢድሊብ ውስጥም እንዲሁ 15 ሕፃናት የሞቱት ማደንዘዣ ክፍል የሚጠቀሙበት ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት በስህተት በዳይሉየንት ቦታ ተወስዶ ነው። የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊንም፣ ኦክሲቶሲንም፣ ሌላ ምንም መድኃኒት አይቀመጥ።

ስለ ራስሽም፦ ክዳን ወደ መርፌ አትመልሺ፤ ሴፍቲ ቦክሱ እጅሽ በሚደርስበት ይሁን፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ። መርፌ ከወጋሽ ቦታውን በሳሙናና በውሃ ታጠቢ፤ አትጭመቂው፤ የኤችአይቪ መከላከያውን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ጀምሪ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰድሽ ቀድመሽ ውሰጂ፤ በመርፌ የመተላለፍ ዕድሉ ከኤችአይቪ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አድሬናሊንም ክፍሉ ውስጥ፣ ቀኑ ያላለፈ፣ መጠኑ በዕድሜ ግድግዳው ላይ ተጽፎ ይኑር። ከባድ አለርጂ ከስንት አንዴ ነው፤ ሲመጣ ግን ቁልፍ ፍለጋ የሚሄድበት ጊዜ አይሰጥም። እናቶችን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አስቀምጫቸው።

የቀሩትን እናቶች በተመለከተ፣ በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ስም ዝርዝራቸውን ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ። «ክትባቱ ምንም አያደርግም» አትበያቸው፤ እባጩን አይተዋል። ምን እንደተገኘና ምን እንደተስተካከለ ንገሪያቸው። ፍሪጁ ተፈትሾ፣ አጠራጣሪው ባች ተለይቶ፣ አሰጣጡ ተስተካክሎ ሳለ ሦስተኛውን ዶዝ ለመተው ምክንያት የለም። እባጭ ያለበት ልጅም ቢሆን ትኩሳት ከሌለው ቀጣዩን ዶዝ በጊዜው ይወስዳል፤ ያበጠው ጭን ላይ ሳይሆን በሌላኛው። እባጩ ላይ ቅቤም፣ ቅጠልም፣ የጋለ ጨርቅም እንዳያደርጉበት፣ ካመመው ንጹሕ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ እንዲያደርጉበት፣ ከቀላ፣ ካተኮሰው ወይም ካደገ በማግሥቱ ይዘውት እንዲመጡ ንገሪያቸው። ሲመጡም ተራ ሳይጠብቁ ይታዩ።